ማልኮም ኤክስና መዝገበ ቃላቱ



ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ብለን አይልትስ ወይም ቶፍል ለመፈተን የምንዘጋጅ በመካከላችን ጥቂት አይደለንም። ብዙዎቻችንን የሚያስጨንቀን የንባቡ ክፍል ነው። የማናውቀውን ቃል እየዘለልን እናነባለን፤ ምንባቡ ሲያልቅ ግን ስለ ምን እንደሆነ መናገር ያቅተናል። ስሙን ሁላችንም የምናውቀው ማልኮም ኤክስም (አላህ ይዘንለት) በዚሁ ችግር አልፏል። ያውም እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ሆኖ!

ማልኮም በ1925 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦማሃ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሞቱት የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። እናቱም ቆየት ብሎ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ገቡና ልጆቹ ተበተኑ። በትምህርቱ ጎበዝ ነበር፤ ጠበቃ መሆን እንደሚፈልግ ሲናገር ግን መምህሩ ለጥቁር ልጅ የማይሆን ሐሳብ መሆኑን ነግሮ አናጢነትን መከረው። የማልኮም ልብ ከትምህርት ተለየ። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቱን ተወ፣ በቦስተንና በኒውዮርክ ጎዳናዎች ወንጀል ውስጥ ገባ፣ በ1946 ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላው በስርቆት ታሰረ።

እስር ቤት ውስጥ በዕድሜ የሚበልጠው አንድ እስረኛ ነበር። ይህ ሰው ሲናገር እስረኛውም ጠባቂውም ያዳምጠዋል። ማልኮም በቃላት ብቻ መከበር እንደሚቻል ያየው በእርሱ ነው። በኋላ ደብዳቤ መጻፍ ሲጀምር የጎዳናው ቋንቋ ወረቀት ላይ አልሆነለትም። መጽሐፍ ሲያነብም በየዓረፍተ ነገሩ የማያውቃቸው ቃላት ይገጥሙታል። ሲዘልላቸው የመጽሐፉ ሐሳብ አብሮ ይጠፋል።

ኖርፎክ ወደሚባለው እስር ቤት ከተዛወረ በኋላ መዝገበ ቃላት፣ ደብተርና እርሳስ ጠየቀ። ከየት እንደሚጀምር ግራ ገብቶት ሁለት ቀን ገጾቹን ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ነጥብና ሰረዙ ሳይቀር በእጁ ገለበጠ፤ አንድ ቀን ፈጀበት። የጻፈውን ድምፁን አውጥቶ ደጋግሞ ለራሱ አነበበ። በማግስቱ ጠዋት ትርጉማቸው የጠፋበትን ቃላት ለይቶ ከለሰ። ከዚያ ገጽ ሳይረሳው የቀረው ቃል፣ በእኛም አገር የሚገኘው ምስጥ በሊታ እንስሳ፣ የአዋልደጌሳ ስም ነበር። እንዲህ እያለ መዝገበ ቃላቱን ሙሉ ገለበጠ።

መዝገበ ቃላቱ ግን መግቢያ በር እንጂ ግቡ አልነበረም። ወዲያው ወደ ታሪክና ፍልስፍና መጻሕፍት ገባ። ማታ በአራት ሰዓት መብራት ሲጠፋ ከኮሪደሩ በሚገባው ብርሃን ያነባል፤ ጠባቂው ሲመጣ ተኝቶ ይጠብቅና ሲያልፍ ተመልሶ ይነሳል። በእስር ቤቱ የክርክር መድረክም ያነበባቸውን ቃላት በአንደበቱ ይፈትናቸው ነበር።

በ1952 ተፈታ። ለዓመታት ያገለገለው ድርጅት በስሙ እስልምናን ቢይዝም ዘርን የሚለይ ትምህርት ነበረው። በ1964 ከእርሱ ወጥቶ ሐጅ አደረገ፤ ከየዘሩ ከመጡ ሙስሊሞች ጋር አብሮ ሰግዶ፣ አብሮ በልቶ ተመለሰ። በዚያው ዓመት በአፍሪካ ጉዞው አዲስ አበባም መጥቷል። በታኅሣሥ ወር ደግሞ ያ ከስምንተኛ ክፍል የቀረ ልጅ በኦክስፎርድ የክርክር መድረክ ላይ ቆመ። በየካቲት 1965፣ በ39 ዓመቱ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ንግግር ሊያደርግ ቆሞ ሳለ ተገደለ።

እኔ ታሪኩን ሳነብ መድረሳችን ትዝ አለኝ። ሎህ ላይ መጻፍ፣ ድምፅ አውጥቶ መቅራት፣ ጠዋት ሙራጀዓ ማድረግ፤ ኡስታዞቻችን ያስተማሩን ይህንኑ አልነበረም? ለቁርኣን የተማርነውን ዘዴ ለእንግሊዝኛው የተውነው እኛ ነን። ፈተና ለደረሰበት ተማሪ መዝገበ ቃላቱን ከፊደል መጀመሪያ መገልበጥ አይመከርም፤ ጊዜ የለውም። ከሚያነበው ምንባብ በየቀኑ አሥር ቃል ይውሰድ። በተለይ በየትምህርት ዘርፉ የሚደጋገሙትን፣ ማነጻጸርን፣ መገመትንና መደምደምን የሚገልጹትን ያስቀድም። ከነዓረፍተ ነገራቸው ይጻፋቸው፣ ጮክ ብሎ ያንብባቸው፣ ከፈጅር በኋላ የጠፉትን ብቻ ይከልስ።

እኛ የበራ ላይብረሪ አለን፤ እርሱ የነበረው የኮሪደር ብርሃን ነበር። አላህ ይዘንለት፤ እኛንም ይወፍቀን። አሚን።