የዱሩ ልጅ መምህር፦ የዶክተር ዣን ኢታር ሕይወትና ሥራ

የማይናገር፣ ሲጠሩት የማይዞር፣ ከእኩዮቹ ጋር የማይጫወትና የለመደው ሥርዓት ጥቂት በተናጋ ቁጥር የሚታወክ ልጅ ወደ ክፍል ሲመጣ መምህሩ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ ከየት ይጀመር የሚለው ነው። አንደበቱ እንዲፈታ መጣር ይቀድማልን? ወይስ ከሰው ጋር መኖር ደስ እንዲያሰኘው ማድረግ? ይህ ጥያቄ ኦቲዝም የሚለው ስያሜ ለእንደዚህ ያሉ ልጆች ከመሰጠቱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በአንድ ወጣት ፈረንሳዊ ሐኪም ፊት ቀርቦ ነበር። ሐኪሙ ዣን ማርክ ጋስፓር ኢታር ይባላሉ። የፊልም ሠሪው ፍራንሷ ትሩፎ በ1970 ታሪካቸውን በፊልም ካቀረበውና የእሳቸውንም ሚና ራሱ ከተጫወተው ወዲህ ስማቸው ከሙያው ክልል ውጭም ታውቋል። በሙያችን ውስጥ ግን ዘወትር የሚወሳው የጀማሪነት ክብራቸው ብቻ ነው። የተሳሳቱበት ስፍራ ቢያንስ የዚያኑ ያህል ሊጠና የሚገባው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢታር የተወለዱት በ1774 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፕሮቫንስ፣ ኦሬዞን በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ዘመዶቻቸው ያሰቡላቸው የባንክ ሥራ ነበር። ነገር ግን አብዮቱ ፈንድቶ ወጣቶች ለጦርነት መመልመል ሲጀምሩ፣ ኢታር አንዳች የሕክምና ትምህርት ሳይኖራቸው በአንድ የወታደር ሆስፒታል ረዳት ሆነው ገቡ። ከዘመቻ ማምለጫ የነበረው ሥራ የዕድሜ ልክ ሙያ ሆነ። በቱሎን ከተማ በኋላ የናፖሊዮን ሠራዊት ስመ ጥር ቀዶ ጠጋኝ ከሆኑት ከዶሚኒክ ላሬይ እግር ሥር ተምረው፣ በ1796 እሳቸውን ተከትለው ወደ ፓሪስ ቫል ደ ግራስ ሆስፒታል ሄዱ። በ1800 መጨረሻም በሴንት ዣክ ጎዳና የሚገኘው መስማት የተሳናቸው ልጆች ብሔራዊ ተቋም ሐኪም አድርጎ ተቀበላቸው። ዕድሜያቸው ገና 26 ዓመት ነበር።

ተቋሙ ሲቀበላቸው የዘመኑ ፓሪስ የሚነጋገርበት አንድ ልጅ በግቢው ውስጥ ነበር። ልጁ በደቡብ ፈረንሳይ ጫካዎች ብቻውን ሲዞር ከ1797 ጀምሮ አልፎ አልፎ ይታይ ነበር፤ ተይዞም አምልጧል። በጥር ወር 1800 ብርዱ ሲጸና በአቬይሮን አውራጃ ሴንት ሰርናን ከተባለች መንደር ራሱ ወጣ። ዕድሜው 11 ወይም 12 ዓመት ይገመታል። ራቁቱን ማለት ይቻላል፤ አይናገርም፤ በጉሮሮው ላይ በስለት የተቆረጠ የሚመስል ጠባሳ አለበት። በነሐሴ ወር ፓሪስ ሲደርስ ሕዝቡ ሊያየው ተጋፋ። ዣን ዣክ ሩሶ ስለ ተፈጥሮ ሰው የጻፉትን ያነበበ ሁሉ ንጹሕና ብልህ ፍጡር ለማየት ጓጉቶ ነበርና፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ ሰውን የሚቧጭርና የሚነክስ ልጅ ባየ ጊዜ ፊቱን አዞረ። የተመልካቹ ጉጉት በጥቂት ሳምንታት አለቀ። ልጁም በተቋሙ ግቢ ውስጥ ጠያቂ አልባ ሆኖ ቀረ።

የዘመኑ ታላቅ የአእምሮ ሐኪም ፊሊፕ ፒኔል ልጁን መርምረው፣ በጫካ መኖሩ አእምሮውን አላደከመውም፣ ይልቁንም አስቀድሞ የአእምሮ ድኩም ስለ ነበር ወላጆቹ ጥለውታል፤ ስለዚህ የመሻሻል ተስፋ የለውም የሚል ፍርድ ሰጡ። ኢታር የፒኔል አድናቂ ነበሩ። ቢሆንም አልተስማሙም። በእሳቸው አሳብ ልጁ የጎደለው ተፈጥሮ ሳይሆን ኅብረተሰብ ነው፤ ማንም ከሰው ተለይቶ ቢያድግ እንዲሁ ይሆን ነበር። ዛሬ ሆነን ስንመለከተው የፒኔል ምርመራ ሙሉ በሙሉ ስሕተት፣ የኢታርም ግምት ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበር ለማለት አይቻልም። ሆኖም የፒኔል ፍርድ በሩን ሲዘጋ፣ የኢታር ግምት ከፈተው። ለልጁ የበጀው ይህ ነው።

ኢታር አምስት ዓላማዎችን አስቀመጡ። ስሜቱን ማንቃት፣ ፍላጎቱን በማብዛት አሳቡን ማስፋት፣ ንግግር ማስተማርና አእምሮውን ማሠራት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከሁሉ በፊት ያስቀመጡት ግን የማኅበራዊ ኑሮን ጣዕም እንዲያገኝ፣ አዲሱ ኑሮ ከተወው ኑሮ የሚቀርብና የሚጣፍጥ እንዲሆንለት ማድረግን ነው። ይህ ቅደም ተከተል ልብ ሊባል ይገባዋል። ለዚሁ ተግባር የመረጧቸው ሴት ወይዘሮ ጌሬን ይባላሉ። መንግሥት ልጁን እንዲንከባከቡ የቀጠራቸው እኚህ ሴት የሚወደውን ያበስሉለታል፤ ሙቅ ውኃ ያጥቡታል፤ መተኛት ሲፈልግ ያስተኙታል፤ በሉክሳምቡር የአትክልት ቦታና በፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ አጠገብ በየቀኑ ያንሸራሽሩታል። ቀድሞ የሚፈላ ውኃ ውስጥ እጁን ከቶ ድንች ያወጣ የነበረው ልጅ ሙቀትና ብርድን ለይቶ ልብስ መልበስ ጀመረ። ኦ የሚለውን ድምፅ ሲሰማ ዞር ማለቱን አስተውለው ኢታር ቪክቶር ብለው ሰየሙት።

ትምህርቱ ዛሬም የሚያስደንቅ ነው። ኢታር መቀስ፣ ቁልፍና መዶሻ የመሳሰሉትን በሰሌዳ ላይ ሥለው፣ እያንዳንዱን ዕቃ በሥዕሉ ላይ እንዲሰቅል አደረጉት። ቪክቶር ሥርዓት ወዳድ ስለ ነበር ይህን ቶሎ ያዘው። ከዚያ ወደ ቅርጽ፣ ወደ ቀለም፣ በመጨረሻም ከብረት ወደ ተቀረጹ ፊደላት ተሻገሩ። ሌ፣ ማለትም ወተት፣ የሚለውን ቃል በፊደላቱ መደርደር ተማረ። ከሳምንት በኋላ ወተት ይሰጡት ወደ ነበሩ ጎረቤት ሲሄድ፣ ማንም ሳያዘው ፊደላቱን በኪሱ ይዞ ሄዶ በጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

በአፉ ግን ይህንኑ ቃል የሚለው ወተቱ ጽዋው ውስጥ ከተቀዳለት በኋላ ነበር። ኢታር ቃሉ የመጠየቂያ ሳይሆን የደስታ ድምፅ ብቻ ሆነ ብለው አዘኑ። እዚህ ላይ መምህሩ ጆሯቸው እንጂ ዓይናቸው አልሠራም ብል ድፍረት አይሆንብኝም። በፊደል መጠየቅ የቻለ ልጅ ቋንቋ ይዟል፤ የተናቀው በአፍ ስላልወጣ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ይህ የሆነው በምልክት የሚነጋገሩ ልጆች በሞሉበት ተቋም ውስጥ መሆኑ ነው። ለቪክቶር ምልክት ያስተማረው አልነበረም፤ ቢሆንም ለእግር ጉዞ ለመውጣት ሲፈልግ የወይዘሮ ጌሬንን ልብስ አምጥቶ ፊታቸው ያኖር ነበር።

ሌላው ትዝብት የዛሬውን መምህር በቀጥታ ይነካል። መጽሐፍ የሚል ጽሑፍ ሲያሳዩት ቪክቶር ከኢታር ክፍል መጽሐፉን ያመጣል። ክፍሉን ቢቆልፉበት ግን አጠገቡ ሌሎች መጻሕፍት ተቀምጠው እያሉ ባዶ እጁን ቆመ። ቃሉ ለእርሱ የዚያ የአንዱ መጽሐፍ ስም ነበር። ዓይነቱን እንዲያውቅ ሲደክሙ ደግሞ ጋዜጣውንም ደብተሩንም መጽሐፍ ብሎ አመጣ። አንድን ነገር በአንድ ቦታ የተማረ ተማሪ በሌላ ቦታ እንደ አዲስ መማር ያስፈልገዋል የሚለው የኦቲዝም መምህራን የዘወትር ልምድ በ1806 በጽሑፍ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ትምህርቱ በከበደ ቁጥር የመጀመሪያው ዓላማ እየተረሳ ሄደ። ዓይኑን ሸፍነው ድምፅ ሲያስለዩት ቪክቶር በጨዋታው ተደስቶ ይስቅና መሸፈኛውን ይገልጥ ነበር። ኢታር በከበሮ መምቻ ጣቶቹን መታ አደረጓቸው። ሳቁ ቆመ፤ ትምህርቱም ከሳቁ ጋር ቆመ፤ ፍርሃት ተተካ። ከዚያ የከፋም ሆኗል። ፊደላትን የመለየቱ ሥራ ሲበዛበት ልጁ እየተናደደ አንሶላ የሚነክስ፣ ፍም የሚበትን ሆነ። ኢታር ከፍታ እንደሚፈራ ያውቁ ነበርና አንድ ቀን ወገቡን ይዘው ከፎቁ መስኮት ውጭ ቁልቁል አንጠለጠሉት። ሲመልሱት ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆት ነበር። የበተናቸውን ካርዶች አስለቀሙት፤ ለቀመም። ቀጥሎ አልጋው ላይ ወድቆ እንባውን አፈሰሰ፤ ኢታር ሲያለቅስ ያዩት የመጀመሪያ ጊዜ ይህ ነው። ይህን ሁሉ የምናውቀው ራሳቸው በግልጽ ስለ ጻፉት ነው። ሐቀኝነታቸው የሚመሰገን ሲሆን፣ ድርጊቱን ግን አያቀልለውም።

በአንጻሩ ከወይዘሮ ጌሬን ወጥ ቤት አጠገብ ያለ ሰሌዳና ያለ ካርድ ሌላ ትምህርት ይካሄድ ነበር። ቪክቶር ውኃ ይቀዳል፤ እንጨት በመጋዝ ይቆርጣል፤ መጋዙ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ በደስታ ይቁነጠነጣል። በምሳ ሰዓት ገበታ ያሰናዳል። የወይዘሮ ጌሬን ባል በሞቱበት ጊዜ እንደ ልማዱ የሟቹንም ሳሕን በቦታው አኖረ። ወይዘሮዋ ያን አይተው ምርር ብለው አለቀሱ። ልጁም የኀዘናቸው ምክንያት እርሱ መሆኑን ተረድቶ ሳሕኑን አንሥቶ ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰ፤ ዳግመኛም አላወጣውም። ማንም አላስተማረውም። የሌላውን ስሜት አያውቅም ለተባለ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከቤት ጠፍቶ በጸጥታ አስከባሪዎች ተይዞ ሁለት ሳምንት ያህል ታሰረ። ወይዘሮ ጌሬንን ሲያይ ፊቱ ነጣ፤ ራሱንም ሊስት ደረሰ፤ ሲያቅፉትም እልል የማለት ያህል ጮኸ። በማግሥቱ ኢታር ወደ አልጋው ሲቀርቡ ተነሥቶ እጆቹን ዘረጋላቸው። እሳቸው ግን ጥፋቱ እንዲሰማው ብለው ፊታቸውን አጥቁረው ቆሙ። ልጁ ተመልሶ አንሶላው ውስጥ ገብቶ አለቀሰ።

ከአምስት ዓመት ድካም በኋላ፣ በ1806፣ ኢታር ሁለተኛውን ዘገባ ለመንግሥት አቅርበው ትምህርቱን አቆሙ። ቪክቶር አልተናገረም፤ ስለዚህ አልተሳካልኝም ብለው ደመደሙ። መንግሥት ለወይዘሮ ጌሬን አበል ቆርጦላቸው ልጁ ከ1811 ጀምሮ ከተቋሙ ብዙ በማይርቀው የፎይላንቲን መተላለፊያ በሚገኝ ቤት ከእሳቸው ጋር ኖረ። ታላቁ ደራሲ ቪክቶር ሁጎ ልጅ ሳሉ በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ዘመን መኖራቸውን በዚህ አጋጣሚ ማንሣት ይቻላል። የአቬይሮኑ ቪክቶር በ1828 ዐርፏል።

ኢታር በበኩላቸው በተቋሙ ሐኪምነት እስከ ሞቱ ድረስ ቆዩ። መስማት በተሳናቸው ተማሪዎች ላይ ኤሌክትሪክ፣ አልቅት፣ የጆሮ ታምቡር መብሳትና ሌላም ብዙ ሥቃይ ያለበት ሕክምና ሞክረው፣ መድኃኒት ለእነርሱ የሚያደርገው ነገር የለም ወደሚል መደምደሚያ ደረሱ። በ1821 ስለ ጆሮ በሽታዎች የጻፉት መጽሐፍ ለዘርፉ መሠረት ሆነ። ዛሬ በቱሬት ስም የሚጠራውን ሕመም የመጀመሪያ ግልጽ መግለጫ የጻፉትም እሳቸው ናቸው፤ በ1825። በ1828 ደግሞ ሳይደነቁሩ የማይናገሩ ልጆችን ከደነቆሩት ለይተው የሚያሳይ ጽሑፍ አወጡ። ሊዮ ካነር በ1943 እና ሃንስ አስፐርገር በ1944 ኦቲዝምን ከገለጹ በኋላ፣ ተመራማሪዋ ኡታ ፍሪዝ በ1989 ቪክቶር ኦቲዝም እንደነበረው የሚያሳምን ምክንያት አቅርበዋል። የኢታርን ታሪክ የጻፉት ሃርላን ሌን ግን በ1976 ይህን አሳብ አልተቀበሉም። ክርክሩ አልተዘጋም።

በሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመት ገደማ ሕመምተኛ የነበሩት ኢታር አንድ የአእምሮ ዘገምተኛ ልጅ እንዲያስተምር ኤዱዋር ሴጌን የተባለውን ወጣት መሩ። በ1838 ኢታር ዐረፉ፤ ሴጌን ግን ሥራውን በፈረንሳይ፣ ኋላም በአሜሪካ ቀጠለ። ስልሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ሮማ ውስጥ በአእምሮ ዘገምተኛ ልጆች ትምህርት ቤት ያገለግሉ የነበሩት ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ የሁለቱን ሰዎች ጽሑፎች ወደ ጣሊያንኛ እየመለሱ በእጃቸው ገለበጧቸው። እሳቸው በ1907 በሮማ የድኾች ሰፈር በሳን ሎሬንዞ የሕፃናት ቤት ከከፈቱ በኋላ፣ ልጆቹ በጣታቸው የሚዳስሷቸውና እያነሡ የሚደረድሯቸው ፊደላት ተዘጋጁላቸው። በእኛም ከተሞች በስማቸው በሚጠሩ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች የሚይዟቸው ፊደላት፣ ቪክቶር ወተት ለመጠየቅ በኪሱ ይዟቸው የሄደው የብረት ፊደላት ዘር ናቸው።