መጫወት ሳይችል ለተጫዋቾች የሠራው ሊዮ ፌንደር

በዛሬው ዓምዳችን የሕይወት ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ዘፋኝ አይደለም። የሙዚቃ ደራሲም አይደለም። ጊታር መጫወት እንኳ ከነጭራሹ አልተማረም። ይሁን እንጂ ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ጊዜ በዓለም ላይ የተሰሙትን እጅግ ብዙ ዘፈኖች ከሥር ደግፎ የያዘው የቤዝ ጊታር ድምፅ ከእሱ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ የተስፋፋ ነው። ይህ ሰው አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር ነው።

እሱን የመረጥንበት ምክንያት አለን። የሙዚቃ ክበብ ባለበት ሁሉ አንድ የማያልቅ ክርክር ይሰማል፤ ይኸውም ከቤዝ ጊታሮች መካከል የትኛው ይበልጣል የሚለው ነው። አንዱ ፕሪሲዥንን ያወድሳል፤ ሌላው ጃዝ ቤዝ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ስቲንግሬይን ይጠራል። የሚገርመው ግን ሦስቱም የዚህ የአንድ ሰው እጅ ያለባቸው መሆናቸው ነው። ታዲያ አንድ ሰው ለአንድ ሥራ ይህን ያህል ዓይነት መሣሪያ ለምን ሠራ? መልሱ ከሕይወቱ ውስጥ ይገኛል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱ

ክላረንስ ሊዮናይደስ ፌንደር ነሐሴ 10 ቀን 1909 በካሊፎርኒያ፣ በአናሃይምና በፉለርተን ከተሞች አካባቢ ተወለደ። ወላጆቹ ብርቱካን የሚያለሙ ገበሬዎች ነበሩ። ስምንት ዓመት ሲሆነው በግራ ዓይኑ ላይ በወጣ ዕጢ ምክንያት ዓይኑ ወጥቶ በምትኩ የብርጭቆ ዓይን ተደረገለት። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራው ሁሉ፣ ያ ሁሉ ሽቦ መጠቅለልና ጥቃቅን ነገር መበየድ፣ በአንድ ዓይን የተሠራ መሆኑን ልብ ይሏል።

በልጅነቱ ፒያኖ፣ ቀጥሎም ሳክስፎን ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን በሙዚቃው አልገፋበትም። ልቡን የወሰደው ራዲዮ ነው። በ1922 አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረ አጎቱ አሮጌ የራዲዮ ዕቃ የሞላበት ሳጥን ላከለት። አጎቱ ራሱ የሠራውን ራዲዮ ከሱቁ በር ላይ ከፍቶ ሲያሰማ ያየው ልጅ ከዚያ ወዲህ ከሽቦና ከብየዳ አልተለየም።

በ1928 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ፉለርተን በሚገኘው ጁኒየር ኮሌጅ ገባ። የተማረው ግን ኤሌክትሪክ አልነበረም፤ የሂሳብ አያያዝ ነበር። የኤሌክትሪኩን ዕውቀት ያገኘው በራሱ ጥረት፣ የተበላሸ ፈትቶ የተፈታ በመግጠም ነው።

ጠጋኙ ሊዮ

ከኮሌጅ በኋላ ሊዮ በሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጠረ። ነገር ግን ያ ዘመን ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካን ያናወጠበት ጊዜ ስለነበር ከሥራው ተሰናበተ። አገር ይያዝ ብሎ አልተቀመጠም። በ1938 600 ዶላር ተበድሮ ፉለርተን ውስጥ የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ።

ሱቁ እንደማንኛውም የጥገና ሱቅ ነው። ራዲዮ ይመጣል፣ የሸክላ ማጫወቻ ይመጣል፣ ማጉያ ይመጣል። የአካባቢው ሙዚቀኞችም የተበላሸባቸውን እያንጠለጠሉ ይመጡ ነበር። ከዚያ ላይ ነው እንግዲህ ሊዮ ትልቁን ትምህርት የቀሰመው። ሙዚቀኛው የትኛው ቦታ ላይ ዕቃው እንደሚከዳው፣ ምን እንደሚያስቸግረው፣ ምን ቢደረግለት እንደሚወድ ይጠይቃል፤ መልሱንም ያዳምጣል። ራሱ መጫወት ስለማይችል በራሱ ጣዕም የሚመካበት ነገር አልነበረውም። ማዳመጥ ግዴታው ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዓይኑ ምክንያት ለውትድርና አልተጠራም። ዶክ ካውፍማን ከሚባል ባልደረባው ጋር ሆኖ ጭን ላይ ተጋድመው የሚመቱ የኤሌክትሪክ ጊታሮችን መሥራት ጀመረ። ካውፍማን በ1946 ሥራውን ሲተው ሊዮ በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ። በ1950 ወንዙን የሚያሻግረውን ሥራ አወጣ፤ ውስጡ ባዶ ያልሆነ፣ ከድፍን እንጨት የተሠራ የኤሌክትሪክ ጊታር። ይህ ጊታር ከ1951 ጀምሮ ቴሌካስተር ተባለ።

አሠራሩን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ባጭሩ እናስረዳ። ከክሮቹ ሥር ማግኔት ላይ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። የብረቱ ክር ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፤ ሞገዱም ወደ ማጉያው ሄዶ ድምፅ ሆኖ ይወጣል። ይህን ማግኔትና ሽቦ ባለሙያዎቹ ፒክአፕ ይሉታል። በሊዮ ጊታር ላይ አንገቱ በሙጫ አልተጣበቀም፤ በአራት ብሎኖች ታሰረ እንጂ። ያው ጠጋኝ አይደል? ቢሰበር ፈትቶ መለወጥ እንዲቻል አስቦ ነው።

ፕሪሲዥን፦ የተቸገሩትን ለመርዳት

በዚያን ዘመን የሙዚቃን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው ቁመቱ ሰው የሚያክለው ደብል ቤዝ ነበር። ችግሩም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ለማጓጓዝ አስቸጋሪ ነው፤ መኪና ጣሪያ ላይ ካልታሰረ አይሄድም። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ ጊታርና ከበሮ ሲበረታ ድምፁ አይሰማም። ሦስተኛ፣ አንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉት ቀጫጭን ብረቶች ስለሌሉ ትክክለኛውን ድምፅ ለማግኘት የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራና ባለ ፍሬት ቤዝ በመሥራት ረገድ ሊዮ የመጀመሪያው አልነበረም። ፖል ተትማርክ የተባለ ሰው በ1930ዎቹ በሲያትል ከተማ ሠርቶ ነበር፤ ግን ሳይስፋፋ ቀረ። ሊዮ በ1951 ያወጣው ቤዝ ግን ሥር ሰደደ። አራት ክር አለው፤ ቅኝቱ ከጊታር አራት ወፍራም ክሮች አንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል፤ የሚርገበገበው የክሩ ርዝመት 34 ኢንች ወይም 86 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ፍሬት ስላለው ጣት ያረፈበት ድምፅ ሳይዛነፍ ይወጣል። ፕሪሲዥን የተባለውም ለዚህ ነው፤ ቃሉ ልክክ ያለ፣ ያልተዛነፈ ማለት ነውና። በተከታዩ ዓመት በ1952 ወፍራሙን ድምፅ የሚችል ቤዝማን የተባለ ማጉያ ጨመረበት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንክ መንትጎመሪ በላይነል ሃምፕተን ባንድ ውስጥ ይዞት ሲወጣ መሣሪያው ብዙ ሙዚቀኞች ዘንድ ታወቀ።

ሊዮ ግን ሠራሁ ብሎ አልተኛም። ቢል ካርሰን የተባለው ጊታር ተጫዋች የቴሌካስተር ጠርዝ ደረቱን እየወጋ እንዳስቸገረው ነግሮት ነበር። ሌሎችም እንዲሁ አሉ። በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር ጊታር ጠርዙ ተሞርዶ ለሰውነት የተመቸ ሆነ፤ ፕሪሲዥን ቤዝም በዚያው ዓመት እንደዚሁ ተሞረደ። በ1957 ደግሞ የፕሪሲዥንን ፒክአፕ ለሁለት ከፈለው፤ ግማሹ ለወፍራሞቹ፣ ግማሹ ለቀጫጭኖቹ ክሮች ሆነ። ሁለቱ ግማሾች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለተያያዙ ከመብራት መስመር የሚመጣውን ዝዝታ አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል። የዛሬው ፕሪሲዥን በመሠረቱ ያ የ1957ቱ ነው።

ጃዝ ቤዝና ሙስታንግ፦ እጅ ሁሉ እኩል አይደለም

በ1960 ጃዝ ቤዝ መጣ። የክሩ ርዝመት አልተለወጠም። የተለወጠው አንገቱ ነው። በጊዜው የነበረው ፕሪሲዥን ከጭንቅላቱ በኩል 44 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሰፋ፣ ጃዝ ቤዝ ወደ 38 ሚሊ ሜትር ጠበበ። ስለዚህ ጣት ከክር ወደ ክር በቀላሉ ይሮጣል። ፒክአፑም ሁለት ሆነ። ወደ ክሩ መጨረሻ የተጠጋው ፒክአፕ ጥርት ያለና ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ወደ አንገቱ የቀረበው ደግሞ የተሞላውን። ተጫዋቹ ሁለቱን እንደ ፍላጎቱ ይቀላቅላል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። ጃዝ ቤዝ ሲወጣ ፕሪሲዥን አልተጣለም። ሁለቱም ጎን ለጎን መሠራታቸውን ቀጠሉ። ሊዮ አዲሱን የሠራው አሮጌው ስለከሸፈ ሳይሆን ሌላ እጅና ሌላ ጆሮ ያለው ሰው ስላለ ነበር።

ይህ በይበልጥ የታየው በሙስታንግ ቤዝ ነው። በ1966 የወጣው ይህ መሣሪያ የክሩ ርዝመት 30 ኢንች፣ ማለትም 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሙስታንግ ከተባሉት የተማሪ ጊታሮች ጋር የሚዛመድ ሲሆን ጣቱ ላልረዘመ ጀማሪ ይመቻል። ሊዮ ለዚያ ኩባንያ የነደፈው የመጨረሻው ቤዝ የተማሪ መሣሪያ መሆኑ ለእኛ ለአስተማሪዎች ደስ ይላል።

ሕመሙ፣ ሽያጩና ዳግም ጅማሬው

ሊዮ ለዓመታት አልለቅ ያለው ሕመም ነበረበት። ዕድሜዬ አጭር ነው ብሎ በመሥጋት ኩባንያውን በጥር 1965 ለሲ.ቢ.ኤስ. በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። የሚገርመው፣ ከሽያጩ በኋላ ሐኪም ቢቀይር ዳነ! ገንዘብ አለው፣ ጤና አገኘ፤ ስሙ ግን የሌላ ሰው ሀብት ሆነ። በውሉም መሠረት ለ10 ዓመት ያህል በውድድር መግባት አይችልም ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ይቀመጥ ነበር። ሊዮ ግን ጊዜው ሲደርስ፣ በ1975 ሚዩዚክ ማን የተባለው ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1976 የወጣው ስቲንግሬይ ቤዝ በውስጡ በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ ማጉያ አለው፤ ስለዚህ ድምፁ ብርቱና የጠራ ነው። በ1979 ከቀድሞ የሥራ ጓደኛው ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ጂ ኤንድ ኤል የተባለ ሌላ ኩባንያ መሠረተ። በዚያው ዓመት ከ1934 ጀምሮ አብራው የኖረችው ባለቤቱ አስቴር አረፈች፤ በ1980 ሁለተኛ ትዳር መሠረተ። በዚሁ ዓመት የወጡት አዳዲሶቹ ቤዞች ኤል 1000 እና ኤል 2000 ተባሉ። ያኔ 70 ዓመት አልፎታል።

በመጨረሻ የፓርኪንሰን ሕመም ያዘው። ሆኖም እስከ ሞቱ ዋዜማ ድረስ ከሥራ ጠረጴዛው አልተለየም። መጋቢት 21 ቀን 1991 በ81 ዓመቱ አረፈ።

ታዲያ የቱን እንምረጥ?

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። ጄምስ ጀመርሰን በዲትሮይት የሞታውንን ዘፈኖች የተጫወተው በፕሪሲዥን ነው። ጃኮ ፓስቶሪየስ ደግሞ ጃዝ ቤዝ ይዞ፣ ያውም ሊዮ የደከመበት ፍሬት የሌለውን፣ ዓለምን አስደነቀ። ሉዊስ ጆንሰን በአውራ ጣቱ እየመታ ስቲንግሬይን አናገረ። በአገራችንም የአይቤክስንና የሮሃን ባንድ ሙዚቃ ያደመጠ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ አይረሳም። ከእነዚህ መካከል በመሣሪያው ሞዴል የተነሣ የሚበልጥ አለ የሚል ይኖራል? እኛ የለም እንላለን።

ስለሆነም ለትምህርት ቤት ወይም ለክበብ ቤዝ ሲመረጥ የሚጠየቀው የሚይዘው ማነው፣ ምን ይጫወትበታል፣ የትስ ይቀመጣል የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚፈራረቅበትና አንድ ወፍራም፣ የተሞላ ድምፅ የሚበቃው ክበብ ከሆነ ፕሪሲዥን ዓይነቱ ይሻላል፤ ማስተካከያው አንድ የድምፅ፣ አንድ የቃና ብቻ በመሆኑ አያደናግርም። ጣቱ ፈጣን፣ ድምፁንም መለዋወጥ ለሚፈልግ ጃዝ ቤዝ ይመቻል፤ ግን ከሁለቱ ፒክአፖች አንዱ ብቻ ሲከፈት ዝዝታ ሊሰማ እንደሚችል ይታወቅ። ትንንሽ ልጆች ላሉበት አጭሩ ሙስታንግ ዓይነት ይመረጣል። ስቲንግሬይ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ባትሪው ሲያልቅ ጸጥ ይላል። ከከተማ ርቆ የተሠራ ትምህርት ቤት ይህን ሳያስብ ቢገዛ በበዓሉ ቀን ያፍራል። በተጨማሪም ገንዘቡን ሁሉ በቤዙ ጨርሶ ማጉያውን መርሳት ከንቱ ልፋት ነው፤ ያለ ማጉያ የኤሌክትሪክ ቤዝ ድምፁ ከክፍሉ በር አያልፍም።

ከመግዛት በፊት ደግሞ ልጁን አስቀምጦ ማስያዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ አራቱ ጣቶቹ ሳይጨነቁ ይደርሳሉ ወይ? አንገቱ ቀጥ ብሏል ወይስ ጎብጧል? ማስተካከያዎቹ ሲዞሩ ይንኮሻኮሻሉ ወይ? በስም ተማርኮ ይህን ያልጠየቀ ገዢ ለግድግዳ ጌጥ ገዛ ማለት ነው።

የሊዮ ፌንደር ሕይወት ለሙዚቀኛ ብቻ የሚሆን ትምህርት አይደለም። ነገ ወደየትምህርት ቤቱ የምንሄድ ሠልጣኞች ሰሌዳ፣ ካርታ፣ የመርጃ መሣሪያ እንሠራለን፤ እንመርጣለንም። ብዙ ጊዜ የምንሠራው ለእኛ ዓይን ደስ የሚለውን ነው። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ፊደሉ ይታየው እንደሆነ፣ ትንሿ ልጅ እጇ ይደርስ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሊዮ ራሱ የማይጫወትበትን መሣሪያ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሻሽል የኖረው የሚጫወቱበትን ሰዎች መጠየቅ ስላላፈረ ነው። እኛም ነገ የምንሠራውን ከመሥራታችን በፊት የሚገለገልበትን ልጅ እንጠይቅ።