ቴዎዶር ኮኸርና የአንገት ዕጢ ምሥጢር

ስዊሳዊው ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ዓ.ም. በበርን ተወለዱ። በ1872 የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነው፣ እንደ አገራችን ደጋ ሁሉ በተራራማ አገራቸው የበዛውን እንቅርት በጥንቃቄ ማውጣት ጀመሩ። ቁስሉ ይድን፣ ሐኪሙም ይመሰገን ነበር። ነገር ግን የቀድሞ ሕሙማናቸውን መልሰው ሲመረምሩ፣ ታይሮይድ የተባለው የአንገት ዕጢ ጨርሶ ከወጣላቸው 18 ሰዎች መካከል 16ቱን ፊታቸው አብጦ፣ ንግግራቸው ተጎትቶ፣ አእምሯቸው ደንዝዞ አገኟቸው። ይህንም ሳይሸሽጉ በ1883 በርሊን ላይ ለሙያ ባልደረቦቻቸው ገለጹ፤ ለእንቅርት ሲባል ዕጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣትንም ተዉ። ዕጢው ለአእምሮና ለመንፈስ የሚያስፈልግ ሆርሞን እንደሚያመነጭ ለመታወቁ ይህ ግልጽነት መንገድ ጠረገ። በ1909 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለው በ1917 ዐረፉ። ዛሬ በጨዋችን ላይ አዮዲን የሚጨመረውም ዕጢው ያንኑ ሆርሞን እንዲሠራ ነው።