ጅማን አስበው ወላይታ የደረሱት ሐኪም



ከመካከላችን ለሥራ ሲመደብ ወይም ለወንጌል አገልግሎት ሲላክ ልቡ የተመኘውን ስፍራ የሚያገኝ ጥቂት ነው። ከቤሌ ሶዶ እገባለሁ ያለው ኦሞን ተሻግሮ ዳውሮ ይላካል። ቋንቋውን ለምዶ፣ ከሰው ተዋድዶ ሲቀመጥ ደግሞ ተነሥ ይባላል። ያን ጊዜ እግዚአብሔር የረሳን ይመስለናል። ስለዚህ የዶክተር ቶማስ ላምቢን ሕይወት ላካፍላችሁ ወደድሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ላምቢ በ1885 በአሜሪካ ተወለዱ። ሕክምና ተምረው ገና በወጣትነታቸው በ1907 ለፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሱዳን ገቡ። በዚያ ሙቀት አገር በሶባት ወንዝ አካባቢ ከአሥር ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ በ1919 ድንበር ተሻግረው ወለጋ ሳዮ፣ ዛሬ ደምቢ ዶሎ ወደምንለው ስፍራ መጡ። ከሜዳ ወደ ደጋ፣ ከአንዱ ሕዝብ ወደ ሌላው ሕዝብ፣ ቋንቋውንም እንደ ገና ከሀሁ መጀመር ነበረባቸው። ሳዮን ሲለምዱ ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ስለ ፈለጓቸው አዲስ አበባ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል አቋቋሙ።

በዋና ከተማ የታወቀ ሐኪም መሆን ለብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ዕረፍት ነው። ዶክተር ላምቢ ግን ወንጌል ያልደረሰበትን ደቡብ እያሰቡ ያንን ትተው ተነሡ። በ1927 ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር አዲስ ሚሲዮን መሥርተው ከሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ጋር አንድ አደረጉት። በ1928 በበቅሎ ጓዛቸውን ጭነው ከአዲስ አበባ ሲወጡ ዓላማቸው ጅማ መድረስ ነበር።

ጅማ ግን አልደረሱም። መንገዱ ወደ ከምባታ፣ ወደ ወላይታና ወደ ሲዳማ መራቸው። ያላሰቧቸው እነዚህ ሦስት አገሮች የሥራቸው መጀመሪያ ሆኑ። በወላይታ ጣቢያቸው ሶዶ ኦቶና ላይ ተተከለ። ፍሬው ቶሎ አልታየም፤ የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁት በ1933 ነው።

ዶክተር ላምቢ ኢትዮጵያን እንደ አገራቸው አድርገው በ1934 ዜግነታቸውን እስከ መለወጥ ደረሱ። በ1935 ጦርነቱ ሲነሣ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በዋና ጸሐፊነት አገለገሉ።

እዚህ ላይ ግን የሕይወታቸውን ከባድ ክፍል መሰወር አይገባም። በ1936 ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ፣ ሚሲዮኑ ሥራውን እንዲቀጥል በማሰብ ለወራሪው ተገዙ። ይህም አልጠቀመም፤ ሚሲዮናውያኑ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ከነፃነት በኋላም ዶክተር ላምቢ ወደ ወደዷት ኢትዮጵያ እንዲመለሱ አልተፈቀደላቸውም። ሥራችን ይጠበቅ ብለን በፍርሃት የምንይዘው መንገድ ራሱ ከሥራው ሊያርቀን ይችላል።

ሥራውስ ምን ሆነ? በ1937 የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። እነዚህ ጥቂቶች በእስራትና በግርፋት መካከል ወንጌሉን ከቤት ወደ ቤት አደረሱ። ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ አማኞቹ ወደ 10,000 እንደሚጠጉ ተገመተ። የወላይታ ወንጌላውያንም በተራቸው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ከኦሞ ማዶ ሄዱ። ትናንት የተላከላቸው ዛሬ ተላኪዎች ሆኑ።

ዶክተር ላምቢም የተዘጋውን በር እያዩ አልተቀመጡም። በቅድስት አገር፣ በቤተ ልሔም አቅራቢያ፣ ለሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች የሕክምና ቤት አቋቋሙ። በ1954 በኢየሩሳሌም አረፉ።

ወጣቶች ሆይ! ሐዋርያው ጳውሎስም ቢታንያ ሊገባ ሲያስብ ተከልክሎ መቄዶንያ ተሻገረ። ዶክተር ላምቢ ያሰቡት ጅማ ነበር፤ እኛ ግን የዚያ ያልታሰበ መንገድ ልጆች ነን። እንግዲህ ምደባችሁ ሲለወጥ አትዘኑ፤ የደረሳችሁበትን ሕዝብ ውደዱ፣ ቋንቋውን ተማሩ፣ ስትነሡም ሥራውን ለባለቤቱ ለጌታ ትታችሁ ሂዱ። ጸጋው ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።