ዳኛቸው ወርቁና የዝቋላ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሳሪስ አቦን አልፎ፣ ቃሊቲንና አቃቂን አቋርጦ ወደ ደብረ ዘይት የሚወርደው መንገድ የፋብሪካና የጭነት መኪና መንገድ ብቻ አይደለም። ሰማዩ በጠራ ቀን ከአቃቂ ሜዳ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው፣ የዝቋላ ተራራ ለብቻው ተነጥሎ ይታየዋል። በየዓመቱ ጥቅምት 5 ቀንና መጋቢት 5 ቀን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ሲደርስ፣ ከከተማው የሚነሣው ምእመን ይህንኑ መንገድ ይዞ ይጓዛል። በተራራው አናት ላይ፣ ከጠፋ ዘመናት ባስቆጠረ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ አለ፤ ከሐይቁ አጠገብም ገዳሙ ይገኛል። ኦሮሞውም በበኩሉ ሥፍራውን ከጥንት ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲያከብረው ኖሯል። ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ በእንግሊዝኛ ለጻፈው ልቦለድ የመረጠው ይህንን ተራራ ነው።

ዳኛቸው የተወለደው በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ከጣርማ በር ግርጌ በምትገኘው በደብረ ሲና ነው። ዘመኑ የኢጣልያ ጦር አገሪቱን የወረረበት ዘመን ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተማረ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የድርሰት ሙያን አጠና። ሲመለስም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ መምህር ሆነ። ሰው አለ ብዬ የተሰኘው ተውኔቱ በ1950 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን፣ ስሙን ከፍ አድርጎ ያስጠራው ግን በ1962 ዓ.ም. የወጣው አደፍርስ የተባለው ልቦለድ ነው።

አደፍርስ የተማረ ወጣት ወደ ገጠር ወርዶ ከባላገሩ፣ ከባለርስቱና ከካህኑ ዓለም ጋር ሲጋጠም የሚያሳይ መጽሐፍ ነው። ውይይት የበዛበት፣ ለአንባቢው በቀላሉ የማይበገር ሥራ ነው። በዚያን ዘመን በብዙ የተማሩ ሰዎች ዘንድ የባላገሩ እምነት ስሙ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ኋላ ቀርነት። ዳኛቸው ግን ባላገሩን በክርክሩ ውስጥ አፉን ዘግቶ አላስቀመጠውም። እምነቱን እንደ አንድ የተሟላ የአስተሳሰብ ሥርዓት አቀረበው፤ የራሱ መነሻ፣ የራሱ ማስረጃና የራሱ መደምደሚያ ያለው ሥርዓት አድርጎ። መምህር የሆነበት ትውልድ ሊያፈርሰው የቸኮለውን ቤት፣ እሱ አስቀድሞ ክፍሎቹን ቆጠረ።

ይህ አያያዝ ይበልጥ ጎልቶ የታየው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በሃይነማን አሳታሚ ድርጅት የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ በወጣው አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ ተብሎ ሊተረጎም በሚችለው ልቦለድ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ፊታውራሪ ወልዱ የተባሉ የታመሙ ባላባት ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ ይወሰዳሉ። የተማረው ልጃቸው ጎይቶምና ከሌላ የወለዷት ልጃቸው ወይኒቱ አብረዋቸው ይሄዳሉ። በተራራው ላይ የቅዱሱ ገዳም አለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ መንፈስ የምታነጋግር አዋቂ ሴት አለች። ፊታውራሪው ከሕመማቸው ሳይድኑ ይሞታሉ።

ዳኛቸው ዛሬ ፋንታሲ እየተባለ የሚጠራውን የምናብ ዓለም ልቦለድ ጽፏል ማለት አይቻልም። ሆኖም የኢትዮጵያን እምነትና ፍልስፍና መሠረት አድርጎ ምትሃት ያለበት ዓለም ለመፍጠር ለሚያስብ ደራሲ፣ ከዚህ መጽሐፍ የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል። ምክንያቱም በዝቋላ ላይ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለቱ የፈውስ መንገዶች ሁለት የተለያዩ ፍልስፍናዎች ናቸው። ጸበሉ ርኩስ መንፈስን ያስለፈልፋል፣ ስሙን ያናዝዛል፣ ያስወጣል፤ ከመንፈሱ ጋር ስምምነት የለም። የዛር ሥርዓት ግን መንፈሱን አያባርርም። ዛር የሰፈረበት ሰው የዛሩ ፈረስ ይባላል፤ መንፈሱ የሚሻው ሽቶና ዕጣን፣ ቡናና የተመረጠ ቀለም ያለው ዶሮ እየቀረበለት ይለማመናል፤ ከታማሚው ጋርም ዕድሜ ልክ ይኖራል። አንደኛው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ውል ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቅ ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ የሚያደባልቅ ጸሐፊ፣ የባህል ጌጥ ለጠፈ እንጂ የምትሃት ሥርዓት አልሠራም።

በሁለቱም መንገዶች ዘንድ ኃይል ያለ ዋጋ አይገኝም። በዳኛቸው መጽሐፍ ውስጥ የሚከፈለው ዋጋ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሰው ሲያዝዙ የኖሩት ፊታውራሪ፣ በሕመማቸው ምክንያት የሌላውን ትእዛዝ ጠባቂ ይሆናሉ። ባለርስቱ በባላገር ሴት ፊት ለማኝ ሆኖ ይቀርባል። ዳኛቸው የአዋቂዋ ኃይል እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ብሎ አልፈረደም፤ ይልቁንም ያ ኃይል በሰዎች መካከል ያለውን ደረጃ እንዴት እንደሚገለብጠው አሳየ። መጽሐፉ ከታተመ ብዙም ሳይቆይ በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈንድቶ የባላባቱን ሥርዓት ከነአካቴው ገለበጠው።

ከዚህ ሥርዓት ጀርባ ያለውን ሐሳብ ለመረዳት ደብተራው የሚጽፈውን የብራና ክታብ መመልከት ይረዳል። ክታቡ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ የባለቤቱ የክርስትና ስምም ይጻፍበታል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው እጅ ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይገባበታል። ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለውን ውርዝልያን ቅዱስ ሱስንዮስ እንዴት እንዳሸነፋት ይተረክበታል፤ አጋንንትን የሚያስሩ ኅቡዕ አስማትም ይደረደሩበታል። የሥርዓቱ ሕግ ግልጽ ነው፤ ስሙ የታወቀ ይታሰራል። የክርስትና ስምን ለማያውቁት ሰው አለመንገር የቆየ ልማድ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ኧርሱላ ለ ግዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣችው የኧርዝሲ ልቦለዷ ውስጥ የአስማተኞቹን ኃይል በእውነተኛ ስም ዕውቀት ላይ መሥርታዋለች፤ የዓለሙን ሚዛን ደግሞ ከቻይናው የታኦ ፍልስፍና ቀድታለች። የእርሷ አስማተኛ ኃይሉን ያለ ልክ ሲጠቀም ሚዛኑ ይናጋል፤ ዕዳውም በራሱ ላይ ይመለሳል። በዓለም የተወደደላት ይህ ሐሳብ በሸዋና በጎንደር ደብተራ ዘንድ ከብዙ ዘመን በፊት በብራና ላይ ሰፍሮ የኖረ ነው። ልዩነቱ እርሷ ሐሳቡን እንደ ሕግ አጥንታ ታሪኳን በሕጉ መግዛቷ ነው።

ዳኛቸውም ድርሰት ሕግ ያለው ሙያ እንደሆነ ያምን ነበር። በ1977 ዓ.ም. የታተመው የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ የተሰኘው መጽሐፉ ለዚህ ምስክር ነው። ተሰጥዖ ብቻውን ይበቃል የሚለው አስተሳሰብ በሰፈነበት አገር፣ ልቦለድ የሚገነባበትን መንገድ በአማርኛ ለማስተማር ተነሣ። ልብ ወለድ ዓለም፣ ምትሃት ይኑረውም አይኑረው፣ ምክንያትና ውጤት የሚገዙት ዓለም መሆን አለበት።

ይሁን እንጂ በዳኛቸው ሥራ ውስጥ አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለ። ስለ ዝቋላ የጻፈው ልቦለድ በእንግሊዝኛ በመጻፉ፣ በአቃቂ በኩል ለአቦ በዓል ከሚጓዘው ሕዝብ ይልቅ በለንደንና በናይሮቢ ላለ አንባቢ የቀረበ ሆነ። ለዓለም የአገሩን የእምነት ሥርዓት ከውስጥ ገልጦ አሳየ፤ የሥርዓቱ ባለቤት ግን በራሱ ቋንቋ ተጽፎ አላገኘውም። ይህ የዳኛቸው ጥፋት ብቻ አይደለም፤ አደፍርስን የመሰለ መጽሐፍ በአማርኛ ጽፎ ያየ ደራሲ ሰፋ ያለ አንባቢ ቢሻ አይፈረድበትም።

ዳኛቸው ወርቁ በ1987 ዓ.ም. ዐረፈ። ዛሬ ወጣት ደራስያን ዛሩን፣ ክታቡንና ጸበሉን ወደ ምናብ ልቦለድ ለማምጣት ሲነሡ፣ እሱ የተወው መንገድ ከፊታቸው አለ። መንገዱ ረዥም ነው፤ የባላገሩን እምነት ከመጠቀም በፊት ማጥናትን፣ ከማድነቅም ከማጥላላትም በፊት ሕጉን መፈለግን ይጠይቃል። አሁን ደግሞ በአማርኛ ሊጻፍ ይገባዋል። ጭጋጉ ሲገፈፍ ዝቋላ አሁንም ከአቃቂ ሜዳ ይታያል።