ማይክል ፋራዴይ፦ በሽታውንም መድኃኒቱንም ያገኘ የቀጥቃጭ ልጅ



በሆስፒታል ልምምድ ላይ ሳለሁ የአንድ አዛውንት የልብ ምት በኢ.ሲ.ጂ. መሣሪያ እንዳነሣ ታዘዝኩ። ወረቀቱ ሲወጣ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እንደ መጋዝ ጥርስ ተንቀጥቅጧል። የልባቸው ምት ተዛብቷል ብዬ ደነገጥኩ። አስተማሪያችን ግን ወደ አልጋው ሥር አጎነበሱ፤ የመሣሪያውን ሽቦዎች ከመብራቱ ገመድ አራቁና አንድ ላይ ገመዷቸው። እንደገና ሳነሣ መስመሩ ጠራ። ችግሩ የሽቦው እንጂ የልቡ አልነበረም።

ከልብ ተነሥቶ በቆዳችን ላይ የሚለካው የኤሌክትሪክ ኃይል የአንድ ቮልት አንድ ሺኛ ያህል ነው። አጠገቡ ያለፈው የመብራት ገመድ ግን 220 ቮልት ይሸከማል። በገበያ መካከል ሹክሹክታ ለመስማት እንደ መሞከር ይቆጠራል። የቴሌቪዥንን ሥዕል ወይም የኮምፒዩተርን መልእክት የሚያደርሱ ገመዶችም የሚጠቁት በዚሁ በሽታ ነው። የበሽታውን ምክንያት የገለጸውም፣ አንዱን ዋና መከላከያ ያሳየውም አንድ ሰው ነው፤ እሱም ማይክል ፋራዴይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፋራዴይ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ከለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ጤና ስላልነበረውም ቤተሰቡ በችግር ይኖር ነበር። በ1801 እህል በተወደደ ጊዜ ለልጁ የሚደርሰው አንድ ዳቦ ነበረና ሳምንቱን በእሱ መክረም ግድ ሆነበት። ትምህርቱም ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከጥቂት ሒሳብ አላለፈም።

በ1804 በአንድ መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ሱቅ ተላላኪ ሆነ። በማግሥቱ ዓመት የጥረዛ ሙያ ለመማር ለሰባት ዓመት ተዋዋለ። ለጥረዛ የመጣውን መጽሐፍ ሁሉ ሳያነብ አይመልስም ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ያነበበው ሊጠርዘው በመጣ የኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ቅጽ ውስጥ ነው። ያነበበውንም ለማረጋገጥ በጠርሙስና በእንጨት ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠራ።

በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ ታዋቂው የኬሚስትሪ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲቲዩሽን የሚሰጠውን ትምህርት የሚሰማበት ትኬት ሰጠው። ፋራዴይ የሰማውን ሁሉ ጻፈ፤ ሥዕሉን ሣለ፤ በገዛ እጁ ጠርዞም ለዴቪ ላከለት። በማርች 1813 የዴቪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በዚያው ዓመት ከዴቪ ጋር ወደ አውሮፓ ሲጓዝ የጌታው ባለቤት እንደ አሽከር ትቆጥረው ነበር። ተመልሼ ልሂድ እስከ ማለት ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን የፈረንሣይንና የኢጣሊያን ሊቃውንት የማየቱ ዕድል እንዳያመልጠው ቻለው።

ትልቁ ቀን ኦገስት 29 ቀን 1831 ነው። በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የመዳብ ሽቦዎችን ፊትና ኋላ ጠመጠመ። ሽቦዎቹ አይነካኩም። አንደኛውን ከባትሪ ጋር ሲያገናኝ በሁለተኛው ሽቦ አጠገብ ያለችው የማግኔት መርፌ ተወዛውዛ ቆመች። ሲያላቅቀውም እንደገና ተወዛወዘች። ኤሌክትሪኩ ሳይለዋወጥ ሲፈስ ግን አትነቃነቅም። ከዚህም በአንድ ሽቦ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ሲለዋወጥ፣ ሳይነካው በጎረቤቱ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚወልድ ታወቀ። ዛሬ የምናጠናበት መብራት የሚመነጨው በዚህ ሕግ ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል፤ የመብራት ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ጎረቤቱ የሆነ ገመድ ሁሉ ያልጠራውን እንግዳ ይቀበላል።

ሁለተኛው ታላቅ ሙከራ በ1836 ተደረገ። ፋራዴይ እያንዳንዱ ጎኑ 12 ጫማ የሆነ ሣጥን ከእንጨት አቆመ፤ ዙሪያውንም በመዳብ ሽቦና በቆርቆሮ ወረቀት ሸፈነው። ከዚያ መብራትና የኤሌክትሪክ መለኪያዎች ይዞ ራሱ ገባ። ከውጭ ሣጥኑ ብርቱ ኤሌክትሪክ ተሞላ። በውስጥ ግን ከመለኪያዎቹ አንዱም አልተነቃነቀም። ኤሌክትሪኩ በብረቱ ውጫዊ ገጽ ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ዛሬ የቴሌቪዥንን አንቴና ገመድ ብንልጥ ያንኑ ሣጥን በጣት ውፍረት እናገኘዋለን። መሐል ላይ መልእክቱን የሚወስድ መዳብ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሽፋን፣ በላዩም እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የሽቦ ልባስ አለ። አንዱን አስተላላፊ በሌላው ውስጥ ማኖርን ኦሊቨር ሄቪሳይድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1880 በፓተንት አስመዘገበ። ይሁን እንጂ ከመብራት ገመድ የሚመጣውን ዝግተኛ የማግኔት ረብሻ ቀጭን የመዳብ ልባስ በደንብ አይመክተውም። ለዚህ ያለው መድኃኒት ሁለቱን ሽቦዎች እንደ ፈትል መግመድ ነው። ረብሻው በአንዱ ጥምዝ የወለደውን በሚቀጥለው ተቃራኒው ስለሚያጠፋው ይጣፋል። ይህንንም አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1881 ለስልክ መሥመር አስመዘገበ፤ የኮምፒዩተር መረብ ገመዶች እስከ ዛሬ በዚሁ ይሠራሉ። በአንዳንድ የኮምፒዩተር ገመድ ጫፍ ላይ የምናየው እብጠትም በገመዱ ላይ ተመላላሹን ረብሻ የሚያግት የፌራይት ቀለበት ነው።

ስለዚህ በየመኝታ ክፍላችን የሥዕልና የኮምፒዩተር ገመድ ከመብራት ገመድ ጋር አንድ ላይ አንሰር። መተላለፍ ግድ ከሆነ እንደ መስቀል ተቋርጠው ይለፉ። የተጎነጎነው ልባስ ከተቆረጠ ወይም በጫፉ ከመሣሪያው አካል ጋር ካልተያያዘ ጋሻነቱ ይቀንሳል።

ፋራዴይ ራሱም ወደ ገመድ ነገር ተመልሶ ነበር። በ1854 በባሕርና በመሬት ውስጥ የተዘረጋ የቴሌግራፍ ሽቦ መልእክቱን ለምን እንደሚያዘገይ አስረዳ፤ ሽቦው፣ ሽፋኑና በዙሪያው ያለው ውኃ አንድ ላይ ኤሌክትሪክ እንደሚያከማች ዕቃ ይሆናሉ። የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚደንትነት ሁለት ጊዜ ቢቀርብለትም አልተቀበለም። ከፍተኛ ሒሳብ አልተማረም ነበር፤ ሐሳቡን በሒሳብ ቋንቋ የጻፈለት ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። ኦገስት 25 ቀን 1867 አረፈ፤ ለንደን ውስጥ በሃይጌት መካነ መቃብር ተቀበረ።

በእኛ አገር ቀጥቃጭ ማረሻችንን እየሠራልን ሲናቅና ሲሸሽ፣ ልጁም ከእኩዮቹ ተለይቶ ሲያድግ መኖሩን እናውቃለን። ያንን ታካሚ ያነሣሁበት ወረቀት የጠራው በአንድ ቀጥቃጭ ልጅ ዕውቀት ነው። በወናፍ አጠገብ ተቀምጦ የቀረው የእኛ ልጅ ምን ያህሉን ሊያጠራልን ይችል እንደነበር ግን ማንም ሊቆጥረው አይችልም። አገራችን ስንመለስ ይህንን ልጅ ፈልገን መጽሐፍ የማቀበሉ ተራ የእኛ ነው።