አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፦ ከወፍጮ ቤት እስከ መጽሐፈ ምሥጢር

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ መካነ ሰላም በምትገኝበት በቀድሞው የቦረና አውራጃ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው አገር ውስጥ ጋስጫ የተባለ ጥንታዊ ገዳም አለ። ይህ ገዳም ከኢትዮጵያ ደራስያን መካከል በድርሰታቸው ብዛትና በዕውቀታቸው ጥልቀት በፊተኛው ተርታ የሚሰለፉት የአባ ጊዮርጊስ ማረፊያ ነው። አባ ጊዮርጊስ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ሊቅና ጻድቅ ተብለው ይከበራሉ። ለሒሳብና ለፊዚክስ መምህራን ደግሞ ሕይወታቸው የተለየ ትምህርት አለው፤ ይኸውም የትምህርትን መሰላል የመጀመሪያ እርከን መርገጥ ተስኖት ስለ ቆየ ተማሪ የሚናገር ታሪክ መሆኑ ነው።

አባ ጊዮርጊስ በ1357 ዓ.ም. ገደማ ሰግላ በተባለ ስፍራ እንደ ተወለዱ ይታመናል። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን ከቤተ መንግሥቱ ካህናት አንዱ ነበሩ። ልጃቸው ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ በደቡብ ወሎ ወደሚገኘው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሰጡት። ሐይቅ በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ከተደራጀ ጀምሮ የአገሪቱ ከፍተኛ የትምህርት ማዕከል ነበር፤ የገዳሙም አበምኔት በቤተ መንግሥቱ ዓቃቤ ሰዓት፣ ማለትም ሰዓት ጠባቂ፣ በሚል ማዕርግ ይጠራ ነበር።

የአገራችን ነባር ትምህርት ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። ፊደል ሳይለይ ዳዊት አይደገምም፤ ቅኔ ሳይቆጥሩም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ መሻገር የለም። በዛሬው ኮሌጅ ካልኩለስ ያላለፈ ተማሪ ለዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን እንደማይመዘገብ ሁሉ፣ በዚያም የታችኛውን ያላጸና ወደ ላይኛው አይወጣም። ወጣቱ ጊዮርጊስ ችግር የገጠማቸው ከዚሁ ከመጀመሪያው ላይ ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ትምህርት አልገባቸው አለ። ባልንጀሮቻቸው አንዱን ፈጽመው ሌላውን ሲጀምሩ እርሳቸው ባሉበት ቀሩ። መምህሩም ተስፋ ቆርጠው አባትየውን አስጠሩና ልጃቸውን እንዲወስዱ ነገሯቸው። ሕዝበ ጽዮን ግን አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር የሰጡትን ልጅ መልሰው እንደማይወስዱ፣ መማር ካልቻለም በዚያው ሆኖ ገዳሙን እንዲያገለግል አስታወቁ።

ሴቶች በማይገቡበት ገዳም እህል መፍጨት የወንዶች ድርሻ ነበርና አባ ጊዮርጊስ ወደ ወፍጮ ቤት ገቡ። ቀን ለማኅበሩ እየፈጩ፣ ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሱ ማስተዋልን ለመኑ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እመቤታችን ተገልጻ ጽዋዐ ልቡናን እንዳጠጣቻቸው፣ ከዚያም ወዲህ የተማሩት ሁሉ እንደ በራላቸው ገድሉ ይናገራል። አንባቢ ይህን በእምነት ቢቀበለውም በሌላ መንገድ ቢመረምረው፣ አንድ ነገር አይለወጥም፤ ብርሃኑ ያገኛቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ሳይወጡ ነው። አባትየው ልጃቸውን ይዘው ወደ ሰግላ ተመልሰው ቢሆን ኖሮ፣ ከዚህ በኋላ የሚነገረው ታሪክ ባልኖረም ነበር።

አባ ጊዮርጊስ ከድርሰቶቻቸው በዋነኞቹ ጊዜን የከፋፈሉበት መንገድ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። መጽሐፈ ሰዓታት የሌሊቱንና የቀኑን ጸሎት በየሰዓቱ የሚያከፋፍል ነው። አርጋኖን ምስጋናውን በሰባቱ ዕለታት ይመድባል። በ1416 ዓ.ም. የተፈጸመው መጽሐፈ ምሥጢር ደግሞ የመናፍቃንን ትምህርት ተራ በተራ እያነሣ መልስ የሚሰጥ ሲሆን፣ ንባቦቹ በዓመቱ በዓላት የተደለደሉ ናቸው። ሰዓት፣ ሳምንት፣ ዓመት፤ የሐይቁ ተማሪ ጊዜን ከታናሹ መስፈሪያ እስከ ታላቁ በምስጋና ሞሉት።

ሕይወታቸው ግን ሰላማዊ ብቻ አልነበረም። በአፄ ዳዊት ዘመን የነገሥታቱን ልጆች እንዳስተማሩ፣ ከእነዚህም አንዱ በኋላ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የተባሉት እንደ ነበሩ ይነገራል። በዚያው በቤተ መንግሥት ቢቱ ከተባለው ሰው ጋር በሃይማኖት ጉዳይ ተከራክረው ረቱ። በነገር ሠሪዎች ክስ የታሰሩበትም ጊዜ ነበር። ቀድሞ ለድንቁርናው ይታዘንለት የነበረው ልጅ፣ አሁን ዕውቀቱ ጠላት አፈራበት።

አባ ጊዮርጊስ ያረፉት ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ነው። ይህን ዓመት በባሕረ ሐሳብ ለሚመረምር ሰው አንድ ደስ የሚል ነገር ይገጥመዋል። ከዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 6917 ይሆናል፤ ይህ በ19 ሲገደፍ 1 ይተርፋል። ከተረፈው ላይ ደንቡ እንደሚያዘው አንድ ሲቀነስ ወንበሩ አልቦ ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ የሚገኘው አበቅቴም አልቦ ይሆናል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሆን አለባቸውና መጥቅዑ 30 ነው። ከዚህ ተነሥቶ ነነዌ የካቲት 4፣ ፋሲካም ሚያዝያ 13 ቀን ይውላል። እያንዳንዱ ቁጥር ከፊቱ ያለውን ይጠብቃል፤ ወንበርን ያላወቀ አበቅቴን፣ መጥቅዕን ያላወቀ ፋሲካን አያገኝም። የ19 ዓመቱ ዑደት አልቦ ከሚባለው ቦታ እንደገና የጀመረው እንግዲህ በዚያ ዓመት ነበር።

አልቦ በባሕረ ሐሳብ የጉድለት ምልክት አይደለም፤ ቆጠራው የሚነሣበት ቦታ እንጂ። ቅደም ተከተል የሌለው ትምህርት እንደማይጸና የአባ ጊዮርጊስ ሕይወት ራሱ ያስረዳል፤ እርሳቸውም ቢሆኑ እርከኑን አልዘለሉትም፣ ዘግይተው ወጡት እንጂ። መሰላሉ በቦታው ጸንቶ፣ ያልቻለውም ተማሪ ከመሰላሉ ሥር ሳይባረር በመቆየቱ፣ ከወፍጮ ቤቱ መጽሐፈ ምሥጢር ወጣ። ዛሬም ሐምሌ 7 ቀን ጋስጫ ላይ መታሰቢያቸው ይከበራል፤ በቦረና ደጋም ሆነ በሌላው አገር ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ሌሊቱ በሰዓታታቸው ይቆጠራል።